ጥቅምት ሃያ ዘጠኝን የማያውቅ ማሽን

ለውድ እህቴ ለእታለም ዓቢዳ፣ ባለሽበት ጅዳ ይድረስሽ።

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ እታለም? ወገብሽስ እንዴት ነው፣ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? አሮጊቷ አሠሪሽ ዛሬም በስምሽ መጥራት አቅቷት እያጨበጨበች ነው የምትጠራሽ? ሙቀቱ በረደላችሁ? እንቅልፍ ታገኛለሽ? ምግብ ይስማማሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፤ ታናሻችን ፋሪዳም ደህና ናት። ዝናቡ በጊዜው ወጥቷል፤ የዘንድሮው በርበሬ የቡሬን ደጅ ሁሉ አቅልቶታል፤ እማዬም እንደ ልማዷ ከስጡ አጠገብ ተቀምጣ ዶሮ ስታባርር ትውላለች። ደህና ያልሰነበትሁት እኔ ነኝ። በሽታዬም ንዴት ነው።

ድምፅ መላክ እያለ ለምን በወረቀት መጣ ብለሽ ትገረሚ ይሆናል። ካንቺ ጋር ያለኝን ነገር ያበላሸሁት በድምፅ ነው፤ በድምፅ ላስተካክለው ብል ደግሞ መቆጣቴ አይቀርም። ጎረቤታችን ሙንዲር ለዑምራ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ምን እንዳልሁሽ አልረሳሁትም። «ዐረቦቹ የጣሉትን ዕቃ ለቅመሽ ነው የላክሽልኝ» አልሁሽ። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። እማዬ በየቀኑ «ዓቢዳ ምን ሆና ነው?» ትለኛለች፤ እኔም ኔትወርክ ነው እላታለሁ። ኔትወርክ እንዳልሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ የሰው አቤቱታ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝና ነገር በቅደም ተከተል ካልሄደ አይሆንልኝም። ጥፋተኛውን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ። ቀድሜ ብነግርሽ አንብበሽ አትጨርሽልኝም።

ወይዘሮ ዓባይነሽ የምትባል ከሰከላ ገጠር የምትመጣ ባለጉዳይ አለችኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የባሏ ወንድም በየዓመቱ ድንበር እየገፋ ያርስባታል። ከሳ ነበር፤ በታችኛው ፍርድ ቤት ተፈረደባት። ይግባኝ ለማለት ያላት ስልሳ ቀን ብቻ ነው፤ ስልሳኛው ቀን ደግሞ ጥቅምት 28 ላይ ይወድቃል። ያቺ ቀን ካለፈች ማሳው አለፈ ማለት ነው። ከዚያ ማሳ ሌላ ምንም የላትም። ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ ስትነግረኝ፣ እኔም ስጽፍ ዋልሁ፤ አሥራ አንድ ገጽ ወጣው። በዚህ ሥራዬ እንደዚያች አቤቱታ የረካሁበት የለም። የጻፍሁት ግን በወረቀት ሳይሆን አንቺ በላክሽልኝ ላፕቶፕ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ላፕቶፑ ሦስት ዓመት አንድ ቀን ሳያስቸግረኝ ካገለገለኝ በኋላ መስከረም ላይ ከሰው ፍላሽ ቫይረስ ገባበት። ፋይል ስከፍት ባዶ ሆኖ ይመጣል፣ ሲበራም ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ጥቅምት 18 ዘሚካኤል ዘንድ ወሰድሁት። ዘሚካኤል ከመናኸሪያው በታች ሱቅ ያለው ጠጋኝ ነው፤ ገና ወጣት ነው፣ ብዙ አይናገርም። ፋይሎቼን በፍላሽ አስቀምጦ፣ አሮጌውን ሲስተም አጥፍቶ፣ በነጻ የሚገኝ ቫይረስ የማይደፍረው አዲስ ሲስተም ጫነልኝ። እዚያው አብርቶ አጥፍቶ አሳየኝ። ፈረስ ሆኖልኝ ነበር። የዓባይነሽን አቤቱታ የጻፍሁት በማግስቱና በሠልስቱ ነው።

ጥቅምት 20 ከሰዓት በኋላ ጽፌ ስጨርስ ከወረቀቱ አናት ላይ ያለውን ቀን አየሁት፤ አዲሱ ሲስተም ሲጫን ሰዓቱ ወደ ፈረንጅ ተመልሶ ኖሮ 30/10/2025 ብሎ ቁጭ ብሏል። መዝገብ ቤቱ ይህን ቢያይ ምን ይለኛል? የእኔ ማመልከቻዎች ቀኑ ከላይ በራሱ እንዲወጣ ሆነው የተዘጋጁ ናቸው። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ የማሽኑን ሰዓት በእኛ ቀን አስተካክዬ ነው የምሠራበት። ሲበራ ኤፍ ሁለትን ተጭኜ ወደ ውስጠኛው ሰዓት እገባለሁ፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነውና ለወሩ ሁለት፣ ለዓመቱ 2018 ብዬ እሞላለሁ፤ አበቃ። የፈረንጅ ወር አንዳንዴ ሠላሳ አንድ እያለ ስለሚያስቸግር በየወሩ መባቻ እንደገና እነካዋለሁ። ሁለተኛው ወራቸው ደግሞ ሃያ ስምንት ላይ ያልቅበታልና ማሽኑ ጥቅምት 29ንና 30ን አያውቃቸውም። ጳጉሜንማ ጨርሶ ሰምቶም አያውቅ። በእነዚያ ቀናት ቀኑን በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ። ደጃፉ ላይ ካለነው ጸሐፊዎች ሁሉ ይህን ዘዴ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርሁና ስኮራበት ኖሬያለሁ። ያን ዕለትም እንደ ልማዴ አስተካከልሁት፤ አጠፋሁት፤ ነገ ጠዋት አሳትመዋለሁ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

አርብ ጠዋት ስከፍተው አልነሳም አለ። ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደርድሮ ቆመ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ ያው ነው። ባትሪውን ነቀልሁ፣ ቻርጀሩን ቀየርሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ሞከርሁ፤ ያው ነው። ደሜ ፈላ። አንጠልጥዬው ዘሚካኤል ሱቅ ስደርስ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ከአራቱ ሁለቱ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ናቸው። «ይህ ነው የጫንህልኝ?» አልሁት። ተቀብሎ ጽሑፉን ቀስ ብሎ አነበበው። ሚሞሪ የሚሉትን ነገር አውጥቶ በላጲስ ፈተገና መልሶ ከተተው፤ ያው ነው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «አያ ሀምዱ፣ ከወሰድኸው ወዲህ የነካኸው ነገር አለ?» አለኝ።

እንዴት ነደደኝ መሰለሽ! እሱ አበላሽቶ እኔን ይጠይቀኛል። «ወላሂ ምንም አልነካሁም!» አልሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ማልሁ። እሱ ግን «እስከ ሰኞ ተወውና ረጋ ብዬ ልየው፤ አለዚያ እንደገና ልጫነው፣ እሱ ግን ያለበትን ያጠፋዋል» አለኝ። የዓባይነሽን አሥራ አንድ ገጽ ሊያጠፋ! አበላሽ አልሁት፣ አጭበርባሪ አልሁት፣ የሰው ዕቃ መለማመጃ ያደረገ አልሁት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰማ። ላፕቶፔን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ። መምህራኑም ለጥገና ያመጡትን ዕቃ ይዘው ተከትለውኝ ወጡ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም።

በማግስቱ ቅዳሜ ቡሬ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ሄድሁ፤ ስሙን አልጽፈውም። ይሄኛው የሚናገረው ከመክፈቱ በፊት ነው። ጀርባውን ፈትቶ በአፉ እፍ አለበትና «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ሲመጣም የታመመ ነበር፣ ዐረብ አገር የጣሉት ዕቃ ነው» አለኝ። ይኸውልሽ፣ ነገሩ ካንቺ ላይ የወደቀው እንዲህ ነው። ከሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሜ እሱ ያለውን ጨምሬ አጋንኜ ላክሁልሽ። በሰው ቤት ጎንበስ ቀና ብለሽ ያጠራቀምሽውን፣ ሻንጣ ውስጥ በፎጣ ጠቅልለሽ የላክሽውን ዕቃ! ማን እንዲያ በል እንዳለኝ አላውቅም። የሞተ ማዘርቦርድ ጽሑፍ ጽፎ እንደማያሳይ ማንም ልጅ ያውቀዋል። እኔ ግን የምቆጣበት ሰው ፈልጌ ነበር፤ ሩቅ ያለሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ከዚያ ወዲያ መካሪው በዛ። አንዱ ፀሐይ አስመታው ይለኛል፣ አንዱ ሩዝ ውስጥ ቅበረው ይለኛል፣ አንዱ ባሕር ዳር ያለ አዋቂ ይጠቁመኛል፤ መንገዱ እንደልብ ሳይሆንልኝ ቀረ እንጂ ሄጄ ነበር። ከጎኔ የሚቀመጠው ወንዳወቅማ አይነሳ። ወንዳወቅን ታውቂዋለሽ፤ ዛሬም በካርቦን ወረቀት እየገለበጠ በእጁ የሚጽፈው ሽማግሌ ነው። «የእኔ እስክሪብቶ ሲስተም አያስጭን» እያለ ባለጉዳዩን ሁሉ ያስቅብኛል። «ኧረ ሀምዱ፣ ሴትዮዋን ጠርተህ በእጅህ ጻፍላት» ሲለኝ ጭራሽ ባሰብኝ። ያቺን የመሰለች አቤቱታ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጣ እያለች ለምን በእጄ እሞነጫጭራለሁ? ማክሰኞም ረቡዕም ሐሙስም በየሰዓቱ አበራዋለሁ፤ ያንኑ ጥቁር መስኮት ያሳየኛል፤ እሳደባለሁ፤ እዘጋዋለሁ። ዓባይነሽ ሰኞ ዕለት ልትፈርም መጥታ ነበር። ማሽኑ ታሟል፣ አርብ ነይ ብዬ ያን ሁሉ መንገድ መለስኋት። አርብ ጥቅምት 28 እንደሆነ አላጣሁትም። እልህ ያዘኝ እንጂ።

አርብ በጠዋቱ ከእኔ ቀድማ ወንበሬ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። የፍርዱን ግልባጭ በላስቲክ ጠቅልላ በጉያዋ ይዛለች። ማሽኑ እንዳልተነሳ ስነግራት አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ብትጮህብኝ በቀለለኝ። «ታዲያ አያ ሀምዱ፣ እንግዲያው ልንገርህና ጻፈው፤ እኔ እንደሁ አለሁ» አለችኝ። ወንዳወቅም አላሾፈም፤ ወረቀትና ካርቦን አምጥቶ ፊቴ ላይ አኖረልኝ። ወላሂ እታለም፣ ያቺ ሴት ፊደል ሳትቆጥር ያን አሥራ አንድ ገጽ አንድ ነገር ሳታዛንፍ መለሰችልኝ። ድንጋዩ ከየት እስከ የት እንደተነቀለ፣ የትኛው ባሕር ዛፍ ማን እንደተከለው፣ ምስክሩ መጀመሪያ ምን ብሎ ኋላ ምን እንዳለ፣ አንድ በአንድ። ጣቴ ደነዘዘ። ለጁምዓ ሮጬ ደርሼ፣ ሰግጄ፣ ሮጬ ተመለስሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ጨረስን። የቀረው ቀንና ፊርማ ብቻ ነበር።

«ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.» ብዬ በእጄ ጻፍሁ። ስጽፍ፣ ነገ 29 ነው፤ ነገና ከነገ ወዲያ ማሽኑ የማያውቃቸው ቀናት ናቸው፤ ድሮም በእስክሪብቶ ነው የምጽፋቸው ብዬ አሰብሁ። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ሰዓቱ! በዚያ ሐሙስ፣ ጥቅምት 20፣ ማሽኑን ከመዝጋቴ በፊት ሰዓቱን ነክቼዋለሁ! ዘሚካኤል የነካኸው ነገር አለ ወይ ሲለኝ በሰው ፊት ሦስት ጊዜ ምያለሁ፤ ስምል ደግሞ አልዋሸሁም፣ ሰዓት ማስተካከል መንካት ነው ብዬ ለአፍታም አስቤ አላውቅማ! ወንዳወቅ ምን ሆንህ አለኝ። ምንም አልሁት። ዓባይነሽ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች፤ መዝገብ ቤት ይዣት ገባሁ፤ ማኅተም ተመታበት። አቤቱታዋ በስልሳኛው ቀን ገባላት። ስንወጣ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። እኔ ግን አፍሬ እጄን ሸሸግሁት።

ትናንት ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዤ ዘሚካኤል ዘንድ ሄድሁ። ሱቁ ጭር ብሏል። ከዚያ አርብ ወዲህ የእኔ ስድብ ከተማውን ዞሮት፣ ዕቃ የሚያመጣለት ሰው ቀንሷል። «ሰዓቱን ነክቼው ነበር፣ በእኛ ቀን አድርጌዋለሁ» አልሁት ዓይኑን ሳላይ። ኤፍ ሁለትን ተጫነ፣ 2025 ብሎ መለሰው፣ አስነሳው። ያ ጥቁር መስኮት ትንሽ ቆየና ጠፋ፤ ማሽኑ ተነሳ። አሥራ አንዱም ገጽ፣ የሦስት ዓመት ማመልከቻዬም ሁሉ አለ። አንዲት ፊደል አልጎደለም።

ምን ሆኖ ነው ስለው እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። አዲሱ ሲስተም ሲነሳ፣ ፋይሎቹ መጨረሻ የተነኩበትን ቀን ይመለከታል። ዛሬ 2018 ነው ስለው፣ ፋይሎቹ ደግሞ በ2025 ተነክተናል ስላሉት፣ ገና ያልደረሰ ዓመት ውስጥ የተጻፈ ነገር አገኘሁ ብሎ ፈራና ቆመ። አሮጌው ሲስተም እንዲህ አይጠነቀቅም ነበር። ደግሞም ይህን ሦስት ዓመት ኢንተርኔት ስከፍት አልከፍት እያለ ያናደደኝ፣ እኔም ኔትወርኩን ስረግምበት የኖርሁት፣ ለካ ግማሹ የዚሁ የሰዓቱ ጣጣ ነበር። አሁን ፍረጂኝ እታለም፤ ይህ አያናድድም? ይህን ሁሉ ነገር የሚያውቅ ማሽን የእኛን ዓመት እንዴት አያውቅም? ጳጉሜን ኖረንባት፣ ወልደንባት፣ ቀብረንባት፣ ለእሱ ግን የለችም! 2018 ስለው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄደሃል ይለኛል። ማን ነው ወደ ኋላ የሄደው? ዛሬ ላይ ቁጭ ብዬ እየሠራሁ!

ቢሆንም ዘሚካኤል ያን ማሽን አልሠራውም። በጠራ ቃል ጠየቀኝ፣ እኔም ምዬ ሰደብሁት። እንዲሁ በአፍ ይቅርታ ብዬው መውጣት አልሆነልኝም፤ ስድቡን የሰማው ሰው ብዙ ነውና። እዚያው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጬ ወረቀት አወጣሁ። የስንቱን ሰው ማመልከቻ የጻፍሁ ሰው፣ ለራሴ ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። «ለአቶ ዘሚካኤል፣ ፍኖተ ሰላም። ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ» ብዬ ጀመርሁ። አመልካች ምንም አልነካሁም ብዬ የማልሁት ስህተት እንደሆነ፣ የነካሁት እኔው እንደሆንሁ፣ በሥራዎ አንዳች ጉድለት እንዳልነበረ፣ ያልሁትን ክፉ ቃል ሁሉ ማንሳቴን በአክብሮት አመለክታለሁ ብዬ ፈረምሁበት። በታናሽነቱ አንተ እለው የነበረውን ሰው እርስዎ ብዬ ጻፍሁለት። መምህራኑንም ስልክ ደውዬ አስጠራኋቸው፤ ቆመው እያሉ ጮክ ብዬ አነበብሁት። የሰደብሁት ጮክ ብዬ ነዋ።

ዘሚካኤል ወረቀቱን ተቀበለኝና ከላይ እስከ ታች አነበበው። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። «ቀን የለውም። ቀን የሌለው ማመልከቻ አይገባም አይደል የምትሉት?» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው፤ ከእፍረቴ ብዛት ረስቼዋለሁ። ጥቅምት 29 ብዬ ጻፍሁበት። ከጠረጴዛው መስተዋት ሥር፣ መጪ ሂያጁ ሁሉ ሊያየው በሚችልበት አኖረው። ከመምህራኑ አንዷ ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት።

ዛሬ እሑድ ማለዳ እህል ሳልቀምስ ቡሬ መጥቼ ሁሉንም ለእማዬ ነገርኋት፤ ላንቺ የላክሁትንም ጭምር። ሸኹ ባለማወቅ ለተማለ መሐላ አላህ አይዝብህም ብለውኛል፤ እማዬ ግን ሦስት ቀን ጹም ብላኛለች። ስለ መሐላው ሳይሆን ስለ ጩኸቱ ነው አለችኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፍልሽ እየጾምሁ ነው፤ በየመሃሉ ንዴቴ ብልጭ ሲል ካየሽ ይቅር በዪኝ። ይቅርታ የጠየቅሁት ዘሚካኤልን ነው፤ አሁን ደግሞ አንቺን ነው። ማሽኑን አልጠየቅሁትም፣ አልጠይቀውምም። ሰዓቱን ግን ዳግመኛ አልነካበትም፤ ከእንግዲህ ቀኑን በየወረቀቱ ላይ በእጄ እጽፋለሁ።

እታለም፣ የላክሽልኝ ዕቃ የተጣለ አልነበረም። ደህና ነበር፣ ዛሬም ደህና ነው። በዚያ ዕቃ ስንት ሰው መብቱን እንዳስከበረ አንቺ አታውቂም፣ እኔም ነግሬሽ አላውቅም፤ ይህ ሌላው ጥፋቴ ነው። ያን ድምፄን ካላጠፋሽው አጥፊው። ማጥፋት ካልፈለግሽም ተዪው፤ ይህን ወረቀት ግን ከጎኑ አኑሪው።

እማዬ ኡምሀኒ ዐይንሽን ትስማለች፤ ወገብሽን በሰናፍጭ ዘይት አስቀቢው፣ ያን ከባድ ምንጣፍ ብቻሽን አታንሺ ብላለች። ፋሪዳ ሰላም ብላሻለች፤ የተፈጨ በርበሬ በሙንዲር ሻንጣ ልካልሻለችና ሲከፈት እንዳያስነጥስሽ ተጠንቀቂ። ወንዳወቅ እንኳ ሰላምታ አቅርብልኝ ብሎኛል፤ እህትህ የላከችው ዕቃ ተነሳ ወይ ሲለኝ ተነሳ ብዬዋለሁ። አብረውሽ ያሉትን የአገራችንን ልጆች ሁሉ ሰላም በዪልኝ። ለእማዬ ደውዪላት። እኔን ባታናግሪኝም ለእሷ ደውዪላት።

ስምና ፊርማ አለው። ቀን የለውም ብለሽም እንዳትመልሺው፣ ማሽኑ የማያውቀውን የዛሬን ቀን በእጄ ጽፌበታለሁ።

ወንድምሽ ሀምዱ
ቡሬ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.